ከስፌቱ ስር የተረፈው

መርፌ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የስቱዲዮ ሰዎች ናቸው። ቅጥነቱን አይተው ነው የሚል አለ፤ ሥራውን አይተው ነው የሚልም አለ፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሥራው ድምፅ መቁረጥና መስፋት ነው። ዘፋኙ አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ይዘፍናል፤ መርፌ ከአንዱ መጀመሪያውን፣ ከሌላው መሐሉን፣ ከሌላው ደግሞ ማለቂያውን ይወስድና አንድ ዘፈን ያደርገዋል። አድማጭ በአንድ ትንፋሽ የተዘፈነ ይመስለዋል። ዘፋኙም ቆይቶ ሲሰማው እንደዚያው ይመስለዋል፤ መርፌን የሚያበግነውም ይኸው ነው።

የሥራው ምስጢር ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። ሁለት ድምፅ ጫፍ ለጫፍ ብቻ ካገናኙት «ጠቅ» ይላል፣ ጆሮ ያለው ሰው ይነቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው እየሰመጠ ሁለተኛው እየወጣ፣ ለቅጽበት አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። ክሮስፌድ ይባላል፤ የስቱዲዮ ሰዎች ፌድ ብለው ያሳጥሩታል። እንዲደረብ ደግሞ እያንዳንዱ ድምፅ ከሚሰማው ክፍሉ አለፍ ያለ ጅራት ሊኖረው ይገባል፣ ልብስ ሰፊ ከስፌቱ ወዲያ ጨርቅ እንደሚተወው ማለት ነው። ያ ጅራት ከፌዱ ስር ተሸሽጎ ይቀራል። ሰው ሁሉ ይሰማዋል፣ ማንም ግን ልብ አይለውም።

መርፌ ሁለት አመል ነበረው። የመጀመሪያው፣ ቀረጻ ጀምሮ አለማቆም ነው። ዘፋኙ ውሃ ሲጠጣ፣ ሲያዛጋ፣ ስልክ ሲያነሳ መሣሪያው ይቀዳል። «ሰው ጥሩ የሚዘፍነው አልተቀዳሁም ሲል ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሁለተኛው አመሉ ጽዳት ነው። ጠረጴዛው ላይ ብናኝ አይቀመጥም፤ ገመዶቹ እንደ ወታደር ቀበቶ ተጠቅልለው ነው የሚያድሩት። ሰው የተጠቀመበትን ብርጭቆ ሳያስቀምጥ የሚቀበል ዓይነት ሰው ነው፤ እንግዳው ጠጥቶ ይጨርስ አይጨርስ ጉዳዩ አይደለም።

ዘፋኙ ታላቅ ወንድሙ ነበር። ዝነኛ አልነበረም፤ ሠርግ ላይና ሆቴል ውስጥ እየዘፈነ ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው ነው። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ሲዘፍን ደህና ነበር፤ ሲያወራ ግን ወደር አልነበረውም። ይህን ከራሱ በቀር የማያውቅ አልነበረም። አባታቸው መርፌ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተ ያሳደገው ይኼው ወንድሙ ነው። ጨለማ ሲፈራ እያወራ ያስተኛው ነበር። ወሬው ፍሬ የለውም፤ ስለ ጎረቤት ዶሮ ይጀምርና የሆነ ንጉሥ ጓዳ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ድምፁ ግን ወፈር፣ ለስለስ ብሎ ትንሽ ከአፍንጫው የሚወጣ ነበር፣ ክፍሉን ያሞቀዋል። መርፌ ሲያድግ ድምፅ ሠራተኛ የሆነው በዚያ ድምፅ ምክንያት እንደሆነ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ታላቅዬው በስተርጅና አንድ አልበም ይኑረኝ አለ። ክረምቱን ሙሉ ሁለቱ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዘጉ። ግድግዳዋ በስፖንጅ የተለበጠ ነው፣ መስኮት የላትም፣ ማራገቢያው እየጮኸ ስለሚያስቸግር ቀረጻ ላይ ይጠፋል። ላብ በላብ ሆነው ይሠራሉ። አንድ ዘፈን ይዘፈንና ለዚያች አንድ ዘፈን የአንድ ሰዓት ወሬ ይከተላል። ሙሽራው በገዛ ሠርጉ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሚዜው ቀለበት ሊያጠልቅ ምንም እንዳልቀረው፣ የሆቴሉ ከበሮ መቺ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ዘፈን መሐል እንዴት ምቱን ትቶ እንደወጣ፣ እናታቸው ስትቆጣ ስሞቻቸውን እንዴት እንደምታቀያይር። መርፌ መስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ይስቃል፤ መሣሪያው ይቀዳል።

አንድ ነገር ብቻ ያጣላቸው ነበር። ታላቅዬው ዘፈን መድገም አይወድም። የመጨረሻዋን ቃል እንደዘፈነ፣ ሙዚቃው ገና ሳይሰክን፣ «በቃ፣ ተወው» ይላል። ማይክሮፎኑ ውስጥ፣ ጥርት አድርጎ።

«ጋሼ፣ ድምፁ እስኪለቅ ጠብቅ እንጂ! ማለቂያዬን አበላሸኸው።»

«አንተ ምን ቸገረህ፣ ትቆርጠው የለም?»

«ከዘፈኑ ጋር ተጣብቋል፣ እንዴት ነው የምቆርጠው?»

«መርፌ ነህ አሉ። ስፋዋ!»

ቃል ገብቶ፣ ምሎ ተገዝቶ፣ በሚቀጥለው ዘፈን መጨረሻ ላይ ያው ነው፤ «በቃ፣ ተወው»። መርፌ ከጆሮ ማዳመጫው በኩል «ቆይ!» ብሎ ይጮኻል፣ ጊዜው ግን አልፏል። ምን ያድርግ፣ የየዘፈኑን ማለቂያ ማንም ሳይናገር ከተቀዳ የባዶ ክፍል ድምፅ ጋር በረዥም ፌድ ደራርቦ ቃሏን እያሰመጠ ቀበራት። ከሥራው ሁሉ ያፈረበት እነዚያን ረዣዥም ፌዶች ነው። አጭር ፌድ የሙያ ምልክት ነው፤ ረዥም ፌድ ጥፋት የሚደብቅበት ብርድ ልብስ ነው ይል ነበር።

አልበሙ አለቀ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለስቱዲዮው መጣና ኮምፒዩተሩ ላይ ቦታ እንዳለቀ ተናገረ። «የወንድምህ ሥራ ብቻውን ግማሹን ይዞታል፤ ምን ዘፍኖ ነው?» አለ።

መርፌ አፈረ። ንጹሕ ሰው ቆሻሻ ተገኘብህ ሲሉት እንደሚያፍረው አፈረ። ያን ዕለት ሥራውን ከፈተ። ሶፍትዌሩ ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለው፦ በዘፈኑ ውስጥ ጥቅም ላይ ያልዋለውን ድምፅ ሁሉ ቆርጦ የሚያስወግድ። ከትእዛዙ ስር ደግሞ «ፌዶቹ ይጠበቁ» የምትል ምርጫ አለች። ድሮ ጀማሪ ሳለ ይህቺን ምርጫ ረስቶ መጋጠሚያው ሁሉ እንደ ጠጠር ጠቅ ጠቅ ብሎበት ስለነበር ከዚያ ወዲህ አልረሳትም። ምልክት አደረገባት። ሶፍትዌሩ ተመልሶ እንደማይገኝ አስጠነቀቀው። እሺ አለ። እነዚያ ረዣዥም የድምፅ መስመሮች ዓይኑ እያየ አጠሩ።

ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማው። አንዲት ጠቅታ የለችም። ደስ አለው፤ ደስታውን ምን ይሸሽጉለታል። ወንድሙ ጋ ደወለና «ዘፈንህን አጥቤ አሰጣሁት» አለው።

«ስታጥብ ቀለሙን እንዳታስለቅቀው» አለ ወንድሙ።

ሰው በዚህ ቢያቆም ምን ነበረበት? መጠባበቂያ ዲስኩ ላይ የድሮው፣ ያልታጠበው ሥራ እንዳለ ተቀምጦ ነበር። መርፌ ግን አንድ ሥራ በሁለት መልክ ተቀምጦ እንቅልፍ አይወስደውም። አዲሱን ከአሮጌው ላይ ገለበጠበት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

አልበሙን ብዙ ሰው አልሰማውም። ታላቅዬው ብዙም አልከፋው፤ ለነገሩ እሱን ሌላ ነገር ይዞት ነበር። ድምፁ ሻከረ። ጉንፋን ነው አሉ፤ ማርና ሎሚ ጠጣ፤ ዘፈን አቆመ፤ ዝም ብሎም አየው። ሻካራነቱ ከዓመት በላይ አብሮት ከረመ። ሐኪም ቤት ሲሄድ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ነገር ከነማንቁርቱ ካልወጣ ነፍሱም እንደማትተርፍ ነገሩት። ቀዶ ጥገናው ተሠራ። ሰውዬው ተረፈ፤ ድምፁ አልተረፈም። አንገቱ ላይ በቀረችው ቀዳዳ ትንፋሹ ሲወጣ ሲገባ ፉት ፉት ትላለች፤ ሌላ ድምፅ የለውም። የልጁን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ተውሶ እየጻፈ መግባባት ጀመረ። እንደዚያ ያወራ የነበረ ሰው ሰሌዳ ላይ «ውሃ» ብሎ ሲጽፍ ማየት አንጀት ይበላል።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት የንግግር ሐኪም አለች። አንድ ቀን ታላቅዬውን ከነሚስቱ፣ መርፌንም ጨምራ አስቀመጠቻቸው። የታማሚውን የቀድሞ ድምፅ ተምሮ፣ በስልክ የተጻፈውን ሁሉ በዚያው ድምፅ የሚናገር ፕሮግራም እንዳለ ነገረቻቸው። ታላቅዬው ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«ግን የተቀዳ ንግግር ያስፈልገናል» አለች። «ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የሚሆን፣ ጥርት ያለ፣ ሳይሻክር በፊት የነበረው።»

«ዘፈን አለው፤ ዘጠኝ ዘፈን» አለች ሚስቱ።

«ዘፈን አይሆንም። በዘፈን ካስተማርነው ውሃ አምጡልኝ ሲል ያዜማል። ሲያወራ ነው የምንፈልገው። በስልክ የላከላችሁ የድምፅ መልእክት የለም?»

«እሱ?» ሚስትየዋ ባሏን በጎን አየችው። «ድምፄን በነፃ አልበትንም ሲል የኖረ ሰው እኮ ነው። መጣሁ ለማለት እንኳ ይጽፍልኝ ነበር። ቪዲዮም ቢሆን ያለን የሠርግ ነው፤ ከበሮው ነው የሚሰማው።»

ሦስቱም ዞረው መርፌን አዩት። መርፌ ሳያስብ፣ በሙሉ አፉ፣ «ሞልቷል!» አለ። «ሞልቷል ዶክተር። ክረምቱን ሙሉ ሲለፈልፍ ቀድቼዋለሁ። ግማሽ ሰዓት? የፈለጉትን ያህል!»

ታላቅዬው ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ከዚያ ሰሌዳውን ሳበና ጻፈ፦ «ስድቡን ቆርጠህ አውጣ።» ሁሉም ሳቁ። ሚስትየዋ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች።

ነገሩ ትዝ ያለው የስቱዲዮውን ደረጃ ሲወጣ ነው። እግሩ ደረጃው ላይ ቀረ። ወዲያው፣ አይ፣ መጠባበቂያው አለ፣ አለና ሮጦ ገባ። መጠባበቂያውን ራሱ በገዛ እጁ እንደገለበጠበት ያስታወሰው ዲስኩን ሰክቶ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረው የለም። የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ባለሙያ ጋ ሁለቱንም ዲስኮች ይዞ ሄደ። ሰውዬው ሲመረምር ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ። «በኋላ ብዙ ነገር ጽፋችሁበታል። ግድግዳ ላይ ደጋግሞ ቀለም ቀብቶ የመጀመሪያውን አሳየኝ እንደማለት ነው» አለው።

«ትንሽም ቢሆን?»

«ጋሼ፣ ቢኖር እደብቅብዎታለሁ?»

ተመልሶ ሥራውን ከፈተ። የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ከፌዶቹ ስር። ሶፍትዌሩ ፌዶቹን ጠብቅ ስለተባለ ጠብቋል። መርፌ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ፈታ፤ የሰፋውን ልብስ እንደሚተረትር ሰው። የድምፁን ጫፍ ይዞ ሲጎትት ትንሽ ይሳብና ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ከየጅራቱ የወጣው ይኸው ነበር፦ ትንፋሽ። ከንፈር ሲላቀቅ። «እን» የሚል የቃል መጀመሪያ። ሊስቅ ያለ ሰው አፍንጫ። አንድ «ታዲያ»፣ እሱም ግማሹ የለም። መርፌ በአጫጭር ፌዶቹ ሲኮራ የኖረ ሰው ነው፤ ሙያው በጠራ ቁጥር የወንድሙ ድምፅ እያጠረ ኖሯል። ይህን ሲያስተውል እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

ረዣዥሞቹ ማለቂያዎች ላይ ሲደርስ ግን፣ ፌዱን እንደፈታ፣ ያ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ትንሽ ከአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«በቃ፣ ተወው።»

ቀጣዩን ፈታ። «በቃ፣ ተወው።» ሁሉም ዘፈን ማለቂያ ላይ አለ፤ ሙሉ፣ ጥርት ያለ፣ ምንም ያልጎደለው። ያን ሁሉ ወሬ ጠርጎ፣ ሲነዘንዘው የከረመውን፣ ሊያጠፋው ሲታገል የነበረውን ይህን አንድ ነገር ብቻ ጠብቆ አኑሮታል። ከሁለት ቃል በላይ የለውም፤ አንዱም ከሌላው አይለይም።

ከዘፈኖቹ ቃል እየለቀመ ንግግር ሊሰፋም ሞከረ። «ልጄ» ከአንዱ፣ «ነይ» ከሌላው ወሰደ። ቢገጥማቸው ለልጁ የሚናገር አባት ሳይሆን በር ላይ ቆሞ የሚለማመጥ አፍቃሪ ሆነ፤ «ነይ»ዋ ተንቀጥቅጣ ተንቀጥቅጣ አታልቅም። ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋበትና ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። በዕድሜው እንደዚያ ቀን ሙያው ምንም እንደማይረባ ተሰምቶት አያውቅም።

ለሐኪሟ ብቻዋን ወሰደላት። ሰማችና «ሌላስ?» አለችው።

«ይኸው ነው።»

ፊቱን አየች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። «ከሁለት ቃል ድምፅ አይሠራም። ዝም ብለን ስልኩ ላይ ልንጭንለት እንችላለን፤ ቁልፉን ሲነካ ያቺን ብቻ ይላል። ለቀረው ከፕሮግራሙ ጋር በሚመጣው ድምፅ ይጠቀማል፤ የሰው ድምፅ ነው፣ የእሱ አይደለም እንጂ።»

ወንድሙ ቤት የሄደው እሑድ ከሰዓት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ተከፍቷል፤ ትንሿ ልጅ ምንጣፍ ላይ ትጫወታለች። መርፌ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ነገሩን ዘርግቶ ተናገረ፤ ምንም ሳያስቀር።

«ቆይ፣ ማነው የሰረዘው?» አለች የወንድሙ ሚስት።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ለምን?»

«ለቦታ።»

«ለምን ቦታ?»

«ለኮምፒዩተሩ።»

ትንሽ አየችው። «ለኮምፒዩተሩ» አለች፣ ቃሉን ደግማ። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሳህን መደርደር ጀመረች፤ ሳህኖቹ እንደ ክስ ይንኳኳሉ። መርፌ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለ፤ ምድር ግን ሲፈልጓት አትገኝም።

ታላቅዬው ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አድርጎ መጻፍ ጀመረ። ረዥም ጻፈ። እስክሪብቶው ሲጮህ ይሰማል። ጨርሶ አነበበው፤ ሳያሳየው በመዳፉ ጠረገው። እንደገና ጻፈ፣ እንደገና ጠረገው። መርፌ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም። በመጨረሻ ሰሌዳውን ሲያዞርለት አንድ ቃል ነበር ያለው፦ «አሰማኝ።»

አሰማው። ታላቅዬው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ደግመው አለ በእጁ። ሲደገም ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዓይኑ ተጨፈነ፣ አፉ ተከፈተ፤ ከቀዳዳዋ ትንፋሽ ብቻ ፉት ፉት አለ። ይሳቅ ያልቅስ፣ ዕድሜውን በጆሮው የኖረው መርፌ መለየት አቃተው።

ልጅቱ አሻንጉሊቷን ይዛ መጣች። የምታውቀው የአባቷ ድምፅ ያ የሻከረው ነው፤ ከዚያ በፊት ገና አራስ ነበረች። ስልኩን በጣቷ እያሳየች «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለች።

አባትየው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ልጅቱ እሱን አየች፣ ስልኩን አየች፣ አላመነችም። ጓዳ ውስጥ ሳህኑ ዝም አለ።

ቁልፉ ስልኩ ላይ ተጫነ። ቤተሰብ ነገር ይለምዳል፤ ለመዱት። ዜናው ሲሰለቸው ይነካዋል፤ «በቃ፣ ተወው።» ሚስቱ ስለ ቤቱ ጣሪያ ስትጀምረው ይነካዋል። እንግዳ የሕመሙን ነገር እያነሳ ሲያዝንለት ይነካዋል። ልጅቱ ጨዋታ አድርጋዋለች፤ ስልኩን ትሰርቅና «ሰውዬውን» ታስወራዋለች።

መርፌ እሑድ እሑድ መሄዱን አላቆመም። እትዬም ጥቂት ቆይታ ማኩረፉን ትታለች፤ ሻይ ታቀርብለታለች፣ ሳይጨርስ ብርጭቆውን እንዳይወስድ ትቆጣጠረዋለች። አንድ ነገር ግን ሆዱ ውስጥ ስለተቀመጠ መናገር አለበት። ባለፈው እሑድ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ጀመረ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

ታላቅዬው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ ቁልፉን ነካ።

«በቃ፣ ተወው።»

«አይ፣ ልጨርስ። ይቅርታ እንኳ በወጉ አልጠየቅሁህም…»

ነካው። «በቃ፣ ተወው።»

ይቅር ያለው ሰው እንዲህ ይላል። ልቡ የቆረጠ ሰውም እንዲህ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን የቱ እንደሆነ ከድምፁ ያወቀ ይመስለው ነበር። መርፌ ግን ያን ድምፅ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ላብ ያጠመቀው፣ ውሃ የጠማው፣ ከዚያች መስኮት የለሽ ክፍል መውጣት የፈለገ የአንድ ክረምት ሰው ድምፅ ነው። ለእሱ የተባለ አይደለም። ወንድሙ ዛሬ ምን እንደሚል በዚያ ውስጥ የለም።

ታላቅዬው ለሦስተኛ ጊዜ ነካው። ቃሏ ስታልቅ፣ ድምፁ ተቆርጦ ከሚያበቃበት ጫፍ ላይ፣ ከመርፌ በቀር ማንም የማይሰማው አንድ ነገር አለ፦ ከጆሮ ማዳመጫው ያፈተለከ የራሱ የመርፌ ድምፅ፣ «ቆይ» ሊል ጀምሮ «ቆ» ላይ የተቆረጠ። ቢፈልግ በቀላሉ ቆርጦ ያወጣዋል፣ ማንም ሳያውቅ። አልነካውም። ሻዩን አነሳና ከወንድሙ ጋር ቴሌቪዥኑን ማየት ጀመረ።